ቡሄ ካለፈ እዚህ ሌሊት አለ

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ «ዘንድሮም ጨለማዬ ተመለሰልኝ፣ ተመስገን» ብዬ አንዲት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ለካ ነገር ቆስቁሻለሁ። ደብዳቤው ጎረፈ። አንዷ «ጨለማ ከናፈቀሽ መብራት ሲጠፋ ሰፈራችን ነይ» ብላኛለች። ሌላው «እህታችን፣ ደህና ነሽ ወይ?» ብሎ ከልቡ ተጨንቋል። ደህና ነኝ። ዛሬ ስለ ጨለማ ላብራራ።

ለአዲስ አንባቢዎች፦ የተወለድኩት ደብረ ታቦር አጠገብ ገጠር ነው። አሁን የምኖረው አላስካ፣ ፌርባንክስ ነው። 14 ዓመት ሆነኝ። በሰመር ዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የጎብኚ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ በዊንተር የተማሪ አውቶቡስ። («በጋ» እና «ክረምት» የማልለው ፈረንጅ ልሁን ብዬ አይደለም። ክረምት ስል እናንተ ዝናብና የበቆሎ እሸት ይታያችኋል። እኔ የማወራው ከዜሮ በታች 40 ስለሚወርድ ብርድ ነው።)

«እኔና ባለቤቴ 25ኛ ዓመት ጋብቻችንን አላስካ ልናከብር አስበናል። ሕልማችን የሰሜን ብርሃን የሚሉትን፣ አውሮራውን ማየት ነው። ልጆቻችን ያኔ ሞቅ ይላል ብለው ለጁላይ አጋማሽ ትኬት ሊቆርጡልን ነው። አንዲት ጓደኛዬ ግን በጁላይ እዚያ አይመሽም አለችኝ። አለመምሸት ማለት ምን ማለት ነው?» — የ25 ዓመት ሙሽራ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ልጆቹን አሁኑኑ ደውለሽ ትኬቱን አስቁሚያቸው።

ጓደኛሽ እውነቷን ነው። በሰኔ አጋማሽ ፌርባንክስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። የምትወጣው ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። በመሀል ያለችው 2 ሰዓት ራሷ ጨለማ አይደለችም። ደጅ ቁጭ ተብሎ ቡና ይለቀማል። እኔ ለቅሜያለሁ፤ ጠጠሩ ሳይቀር ይታያል። እዚህ ከተማ ከ1906 ጀምሮ በሰኔ በረጅሙ ቀን ዋዜማም በሉት በዕለቱ የሚካሄድ የቤዝቦል ጨዋታ አለ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ እኩለ ሌሊትን ያልፋል፣ መብራት ግን አይበራም። ጁላይ አጋማሽ ላይም ቢሆን ነገሩ ያው ነው።

አውሮራው በሰመርም አለ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ከፀሐይ የመጣ ቅንጣት የመሬትን መግነጢስ ተከትሎ ወርዶ ከአየር ጋር ሲላተም የሚፈነጥቅ ብርሃን ነው። አረንጓዴውም ቀዩም ከኦክስጅን ነው፤ አረንጓዴው ዝቅ ያለው፣ ቀዩ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው። ሐምራዊና ሰማያዊ ጠርዝ ካየሽ ናይትሮጅን ነው። ይኼ ሁሉ በሐምሌም ይሠራል። ግን በቀትር የበራ ፋኖስ ማን ያያል?

የራሴን የመጀመሪያ ሰመር ልንገርሽ። በግንቦት ዴናሊ ገባሁ። እንጨት ቤት ውስጥ ለሁለት ሆነን የምናድርበት የሠራተኛ መኖሪያ ሰጡን። መጀመሪያ ላይ ብርሃኑ ደስ ይላል። ከሥራ ወጥተሽ ተራራ ትወጫለሽ፣ ትወርጃለሽ፣ ልብስ ታጥቢያለሽ፣ አሁንም ፀሐይ ናት። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሰውነት ይጠይቃል። መቼ ነው የምናርፈው? አብራኝ የምትኖረው ልጅ መስኮቱን በምግብ መጠቅለያ ፎይል ለጠፈችው። እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ ፎይል የተለጠፈበት መስኮት ስታዪ ውስጥ የሚተኛ ሰው አለ ማለት ነው። ለኔ አልሠራም። ጨለማው ውሸት መሆኑን አውቀው ነበር። ከፎይሉ ጠርዝ አንዲት ክር የምታህል ብርሃን ትገባና ልክ ዓይኔ ላይ ታርፋለች።

ያልጠበቅኩት ደግሞ ሰላምታው ነው። አገር ቤት ለወንድሜ ስደውል «እንደምን አመሸሽ?» ይለኛል። «እኔ አልመሸብኝም» እለዋለሁ። ሲስቅ ሲስቅ አንድ ቀን ዝም አለ። «እንደምን ዋልሽም አይባል፣ እንደምን አደርሽም አይባል። ምን ልበልሽ ታዲያ?» አለኝ። እኔም አላውቅም ነበር።

እንዲህ ሆኜ ነሐሴ ገባ። ፍልሰታን እየጾምኩ ነው፣ ደክሞኛል። ነሐሴ 13 ሌሊት፣ 8 ሰዓት ገደማ፣ ሽንት ቤት ልሄድ ተነሳሁ። መጸዳጃው ከቤታችን 50 ርምጃ ያህል ይርቃል። ሦስት ወር ሙሉ ያለ ባትሪ ተመላልሼበታለሁ። በሩን ስከፍት መንገዱ የለም። በርግጥ አለ፣ ግን አይታይም። ተመልሼ ባትሪዬን ከሻንጣ ሥር ፈልጌ አወጣሁት። ድንጋዩ አልቋል። ከግንቦት ጀምሮ ማን ነክቶት?

ግድግዳ እየዳበስኩ፣ ግድግዳው ሲያልቅ አየር እየዳበስኩ ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ አጠገቤ የሆነ ነገር ተነፈሰ። እንደ በሬ ያለ ረጅም ትንፋሽ። ቆምኩ። ሙስ ናት። ሙስ አጋዘን ነገር ናት ይላሉ፤ ትከሻዋ ግን ከፈረስ ይበልጣል። ጥላዋ ብቻ ይታየኛል፤ ቅጠል ስታኝክ ይሰማኛል። «እመብርሃን!» አልኩ ቀና ብዬ።

ቀና ስል ከዋክብት አየሁ።

ብዙ አልነበሩም። ሰማዩ ገና ጥቁር አልሆነም፣ የብልቃጥ ቀለም ዓይነት ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ አንዲት ነጭ ኮከብ ደምቃለች። ቬጋ እንደምትባል ኋላ ነው ያወቅኩት። ወዲህ አንድ፣ ወዲያ ሁለት። ከግንቦት ጀምሮ ኮከብ አላየሁም ነበር፤ እንዳላየሁም አላስተዋልኩም። እዚያው ሙሷ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። እሷ ምን እንደመሰላት እንጃ፣ ቅጠሏን ጨርሳ ሄደች።

ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ለአንድ ሽማግሌ መካኒክ ነገርኩት። የአገሩ ሰው ነው። ስለ ሙሷ አልጠየቀኝም። «ስንት ኮከብ አየሽ?» አለኝ። እነሱም ይቆጥራሉ ለካ።

አያቴ የቡሄን ነገር ስትተርክልን እንዲህ ትል ነበር፦ በታቦር ተራራ ብርሃኑ ሲገለጥ እረኞቹ ገና ቀን መስሏቸው ሜዳ ላይ ቀሩ፤ መምሸቱን አላወቁም፤ ወላጆቻቸው ሙልሙል ጋግረው ችቦ አብርተው ሊፈልጓቸው ወጡ። ጅራፍ የምናጮኸውና ችቦ የምናበራው ለዚያ ነው። ልጅ ሆኜ «እንዴት ሰው መምሸቱን አያውቅም?» ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ። አሁን ገብቶኛል። እኔም ሦስት ወር ሜዳ ላይ ቀርቻለሁ። ሙልሙል ይዞ የመጣልኝ ግን የለም።

ወደ ትኬታችሁ ልመለስ። የአገሩ ሰዎች የአውሮራውን ወቅት ከኦገስት 21 እስከ አፕሪል 21 ይቆጥሩታል። ኦገስት 21 በኛ ነሐሴ 15፣ የፍልሰታ ጾም የሚያልቅበት ዕለት ነው። ለእናንተ የምመርጠው ግን ሴፕቴምበርን፣ ያውም እንቁጣጣሽ ሰሞንን ነው። ሌሊቱ በደንብ ጨልሟል፣ ብርዱ ገና አልከፋም፣ ሐይቁ በረዶ አልሠራም። አውሮራው ላይም ታች ውኃው ላይም ይታያችኋል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ደግሞ የመሬት መግነጢስ ከፀሐይ ከሚመጣው ነፋስ ጋር የሚገጥምበት አኳኋን ስለሚመቸው አውሮራው ይበረታል። ቀን ቀን ደግሞ ዛፉ ሁሉ ቢጫ ነው። አደይ አበባ ዛፍ ላይ ብትወጣ እንደዚያ ነው የምትመስለው። መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ በርበሬ ነው፣ ደም የመሰለ።

ዴናሊ ከፌርባንክስ ወደ ደቡብ 2 ሰዓት ያስነዳል። የሰሜን ተራሮች ፓርካችንን 60 ጊዜ ብታስቀምጪበት ይገባል። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ 148 ኪሎ ሜትር፣ አብዛኛው ጠጠር። ከ2021 ጀምሮ አጋማሹ አካባቢ ተራራው እየተንሸራተተ ስለዘጋው አውቶቡሳችን 69ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይመለሳል። እኛ ሥራ የምናቆመው ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ነው። በራሳችሁ መኪና የመጀመሪያዎቹን 24 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ሳቬጅ ወንዝ፣ መሄድ ትችላላችሁ። እዚያ መብራት የሚባል ነገር የለም።

ቢያንስ 3 ሌሊት ያዙ፤ ደመና አይታመንም። ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ባለው ጊዜ ውጡ። ጋቢ አምጡ። ቀልዴን አይደለም፣ ከጃኬቱ ላይ ደርባችሁ ስትቆሙ ታመሰግኑኛላችሁ። ድንጋይ ያላለቀበት ባትሪ አምጡ። ደግሞ መጀመሪያ ስታዩት «ይኼ ነው እንዴ?» እንዳትሉ። ሲጀምር ነጣ ያለ የደመና ጭረት ነው። ስልክ ከዓይን ይልቅ ቀለሙን አጉልቶ ያነሳል፤ በፎቶ ያያችሁትን በዓይን አትጠብቁ። ታገሡት። ድንገት ጫፉ ይነቃነቃል። ነጠላዋን ከገመድ ላይ አንስታ የምታራግፍ ሴት አይታችሁ የለም? ጥለቱ ነው የሚርገበገበው። እሱን ስልክ አይዘውም።

«ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። መስከረም 12 ገደማ ቀንና ሌሊት በመላው ዓለም እኩል ይሆናል፤ እዚያም 12፣ እዚህም 12 ሰዓት። ታዲያ አንቺ "ጨለማ ተመለሰ" የምትይው ምን የተለየ ነገር ኖሮት ነው? ደግሞ በኛ ሰዓት አቆጣጠር ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጨልም ግለጪ።» — ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ

ጋሼ፣ መስከረም 12ን በተመለከተ እጅ ሰጥቻለሁ። በዚያች ዕለት እኔና እርስዎ እኩል ነን። ልዩነቱ ከየት ተነስተን እዚያ እንደደረስን ነው።

አዲስ አበባ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ቢሆን ነው። ፌርባንክስ ሰኔ 14 ላይ 21 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ፀሐይ አላት፤ ታኅሣሥ 12 ላይ 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ። በመስከረም በየቀኑ ወደ 7 ደቂቃ ይቀነሳል። አዲስ አበባ በመንፈቅ የምታሳየውን ለውጥ እኛ በ10 ቀን እንጨርሰዋለን። ሰኞ ፀሐይ እየታየኝ ያቆምኩትን አውቶቡስ በሳምንቱ ሰኞ በድንግዝግዝ ነው የማቆመው።

ድንግዝግዝታው ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። እኛ አገር ፀሐይ ቁልቁል ነው የምትወርደው፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደተጣለ ድንጋይ። ጠለቀች ሲባል እረኛው ከብቱን በረት ሳያስገባ ይጨልምበታል። እዚህ ግን አድማሱን እየታከከች በጎን ትንሸራተታለች። ለእርስዎ በዲግሪ ልናገር። ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ ስትወርድ ደማቆቹ ከዋክብት ብቅ ይላሉ። 12 ሲሆን ሰማዩ ሌሊት ሌሊት ይሸታል። 18 ሲሆን ነው የፀሐይ ርዝራዥ ከሰማይ ጨርሶ የሚጠፋው። ሰመሩን ሙሉ 6ቷንም አትነካም። ሐምሌ 20 አካባቢ 6ን ታልፋለች። 12ን የምትነካው፣ ይመኑኝ ጋሼ፣ በቡሄ ሰሞን ነው። 18 ላይ የምትደርሰው ነሐሴ ሲገባደድ፣ ጳጉሜ ልትገባ ስትል ነው። አዲሱን ዓመት ሙሉ ጨለማ ይዘን ነው የምንቀበለው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ብለው ያስተማሩን አባቶች እዚህ ቢመጡ ግጥሙን መቀየር ይኖርባቸው ነበር። ቡሄ ካለፈ ነው ሌሊት የሚጀምረው።

ሰዓቱን በኛ ንገሪኝ ብለዋል። ይኼ የእናቴም ጥያቄ ነበር። የኛ ሰዓት ፀሐይ ስትወጣ መቁጠር የሚጀምር ሰዓት ነው፤ ፀሐይ የማትጠልቅበት ቦታ ሲያመጡት ግራ ይገባዋል። በቡሄ ዕለት ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዋክብት በደንብ የሚታዩት ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ነው። መስከረም 12 ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። «ለምን በ12 ሰዓት አትጠልቅም?» እንዳይሉኝ። የአላስካ ሰዓት ከፀሐይዋ ርቆ ነው የተቀመጠው። የመንግሥት ሰዓትና የፀሐይ ሰዓት ወደ 2 ሰዓት ይጣላሉ። የፀሐይዋ እኩለ ሌሊት በሰዓታችን 8 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ቅድም ለሙሽሮቹ ያልኩት ሌሊት ላይ ውጡ የሚለው ለዚህ ነው።

ወጥ ቤቴ ውስጥ በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ የግድግዳ ሰዓት አለኝ። ጎረቤቶቼ የተበላሸ ይመስላቸዋል። አላስተካክለውም።

«ድቡስ? እንዴት ነው በጨለማ ከድብ ጋር የምትኖሪው?» — ፈሪው፣ ከዳላስ

ድቡ በዚህ ሰሞን ለአንተ ጊዜ የለውም። ከመተኛቱ በፊት ስብ ማጠራቀም አለበት፤ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ብሉቤሪ ሲለቅም ነው የሚውለው። በሴፕቴምበር መፍራት ያለብህ ወንዱን ሙስ ነው። ሚስት ፍለጋ ላይ ነው። ዛፉንም ሰውንም መኪናውንም እንደ ተቀናቃኝ ያያል። ራቅ በል፣ ከቀረበህ ዛፍ ጀርባ ግባ።

«ስቶክሆልም ከመጣሁ 4 ዓመቴ ነው። በሰመር እንቅልፍ የለኝም፤ ሴፕቴምበር ሲገባ ደግሞ ሆዴ መባባት ይጀምራል፣ የሚመጣውን ስለማውቀው። አንቺ ጨለማ መጣ ብለሽ ትጨፍሪያለሽ። እውነት ትወጂዋለሽ ወይስ ለመጽሔቱ ነው?» — ቀን የናፈቀው

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ ያዝከኝ። ለመስከረም ጨለማ እጨፍራለሁ። ለታኅሣሥ ጨለማ አልጨፍርም። ሁለቱ በስም ብቻ ነው የሚገናኙት።

የመስከረሙ ጨለማ እንግዳ ነው። ሲመሽ ይመጣል፣ ሲነጋ ይሄዳል፣ አደብ አለው። ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፣ ሻይ ይጣዳል፣ «እንደምን አመሻችሁ» ይባላል። የታኅሣሡ ቤተኛ ነው፤ ሶፋው ላይ ተጋድሞ አልነሳም ይላል። ተማሪዎቼን በጨለማ ሰብስቤ በድንግዝግዝ አራግፋቸዋለሁ፤ ስመልሳቸው እንደገና እየመሸ ነው። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ በደንብ ጣለኝ። ቡና ማፍላት ተውኩ። ሐበሻ ቡና ማፍላት ከተወ ነገር አለ ማለት ነው፤ እኔ ግን ድካም ነው እያልኩ ሁለት ወር ቆየሁ። እህቴ በስልክ ድምፄን ሰምታ ነው «ሐኪም ጋ ሂጂ» ያለችኝ። ሐኪሟ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ፊት ለፊቱ የሚቀመጡበት ደማቅ መብራት አዘዘችልኝ፣ ቫይታሚን ዲ ጨመረችልኝ፣ ቀትር ላይ ብርዱ ምንም ቢሆን ውጪ አለችኝ። ጊዜ ወሰደ፣ ግን አነሳኝ። አንተም ሆድህ የሚባባው ሴፕቴምበር ላይ ከሆነ እስከ ዲሴምበር አትጠብቅ፤ አሁኑኑ ሐኪም አማክር። መብራቱን የሚጀምሩት ሳይወድቁ ነው።

ሌላው የምልህ፣ ሴፕቴምበርን ለዲሴምበር ብለህ አትጣለው። አንድ ዓርብ ከከተማው መብራት ውጣ። እኛ መስከረም 16 ጓሮ ውስጥ አራት ቤተሰብ ሆነን ትንሽ ደመራ እናበራለን። የደረቀ እንጨት፣ ላዩ ላይ አደይ አበባ ስለሌለ ቢጫ ቅጠል። አንድ ዓመት እሳቱ ከወደቀ በኋላ፣ ወዴት ወደቀ ብለን ስንከራከር፣ የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ጭሱ አረንጓዴ ሆነ» አለ። ጭሱ አልነበረም።

«ያደግኩት ወሎ ገጠር ነው። ከብት ስጠብቅ፣ በኋላም ውኃ ልቀዳ በሌሊት ስነሳ ሰማዩ ሙሉ ነበር። አሁን ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማታ ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ስወጣ ቀና እላለሁ፤ ሰማዩ አመድ ነው፣ ሁለት ሦስት ኮከብ ብቻ። ያንቺ ሰማይ ላይ ያሉት የኛ ከዋክብት ናቸው ወይስ ሌላ?» — ከጣሪያ ላይ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ ተማሪዎቹ እስኪወጡ እየጠበቅኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ብዙዎቹ የኛው ናቸው። ቦታ ቀይረው ነው የማገኛቸው። ሰባቱ ከዋክብት አሉ። እነዚያ ሦስቱ በሰልፍ የሚሄዱት፣ አገር ቤት በጥር ማታ አናት ላይ የሚወጡት፣ እዚህ በደቡብ በኩል ከዛፉ ጫፍ ብዙም ሳይርቁ አልፈው ይጠልቃሉ። አጎንብሰው የሚገቡ እንግዶች ይመስላሉ። ጨረቃም እኛ አገር እንደ ታንኳ ትጋደማለች፤ እዚህ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በሚያዝያ ማታ በደቡብ በኩል የምናየው መስቀል የሚመስለው የአራት ከዋክብት ስብስብ ግን እዚህ ፈጽሞ አይወጣም። ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ እንደ ወተት የነጣው የከዋክብት ጎዳና፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከአድማስ እስከ አድማስ ይዘረጋል። ዴናሊ ውስጥ ሳቬጅ ወንዝ አጠገብ አውቶቡሴን አቁሜ፣ መብራቱን ሁሉ አጥፍቼ፣ ዓይኔ እስኪለምድ ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ። መጀመሪያ የራሴን እጅ አላየውም። በኋላ በከዋክብቱ ብርሃን ብቻ የመንገዱ ጠጠር ይነጣብኛል። ወንዙ ይሰማኛል። ያኔ ነው ከብት የምጠብቅ የሚመስለኝ።

አንዷን ግን አንቺም ዛሬ ማታ ማየት ትችያለሽ። የሰሜን ኮከብ። በጣም ደማቅ አይደለችም፤ ግን ከከተማም አትጠፋም፣ ደግሞም ከቦታዋ አትነቃነቅም። ሌሎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞሩ እሷ እዚያው ናት። ከፍታዋ አንቺ ከምድር ወገብ ምን ያህል ርቀሽ እንደቆምሽ ይናገራል። ክንድሽን ዘርግተሽ ቡጢ ስትጨብጪ፣ አንድ ቡጢ 10 ዲግሪ ያህል ነው። እናቴ ደጅ፣ ደብረ ታቦር፣ ከአድማስ አንድ ቡጢ ከትንሽ ብቻ ናት፤ ሰሜን በኩል ያለው ጋራ ይጋርዳት ስለነበር ልጅ ሆኜ አይቻት አላውቅም። ወሎም ያው ነው። እኔ ጋ ስድስት ቡጢ ተኩል ትሆናለች፤ ለማየት አንገቴን መስበር አለብኝ።

ልብሱን ካሰጣሽ በኋላ ፀሐይ የጠለቀችበትን በግራ እጅሽ በኩል አድርገሽ ቁሚ። ክንድሽን ዘርጊ። ከጣሪያው ጠርዝ ሳይሆን ከሩቁ አድማስ ጀምረሽ ቡጢ በቡጢ ላይ እየደረብሽ ለኪ። አንቺ ጋ ሁለት ቡጢ ተኩል ላይ ናት።